የጋራ መሣሪያ ሳጥን፦ ለእሑዱ ጉባኤ የሚቀርብ ዕቅድ፣ ሐሳባችሁን ጨምሩበት

ጸሐፊው፦ ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። እንደተባባልነው ለጉባኤው የሚቀርበውን ዕቅድ እዚህ አብረን እናርቅቀው። ሐዋሳ ውስጥ 24 ነን። ሁላችንም ሞተር ብስክሌታችንን ግቢያችን ውስጥ እንጠግናለን። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ካቴና ማጥበቅ ለማናችንም አይከብድም። የምንቸገረው ልዩ መሣሪያ ሲያስፈልግ ነው።

ባለፈው ወር ፍሪሲዮን ልቀይር ሞተሬን ከፈትኩ። ውስጥ ያለው ዳዶ ባለ ስድስት ጎን አይደለም። ክብ ነው፤ ጠርዙ ላይ አራት ጎድጎድ አለው። የሚፈታው ላዩ ላይ በሚሰካ፣ አራት ጥርስ ባለው ቡሾላ መፍቻ ነው። እኔ ጋ የለም። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ እዚያም የለም። በስካርፔሎና በመዶሻ እየደበደቡ ፈቱት። ዳዶው ተበላ፣ የብረት ፍቅፋቂ ሞተሩ ውስጥ ገባ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ቡሾላ እኮ በዓመት አንዴ ቢያስፈልገኝ ነው። 24 ሰው 24 ቡሾላ ከሚገዛ፣ አንድ ገዝተን ለምን አንዋዋስም?

ባለ ያማሃው ጋሼ፦ ልጆች፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ የጋራ መሣሪያ ሳጥን ነበረን። በስድስት ወሩ የቀረው ሳጥኑ ብቻ ነው። የ10 መፍቻውን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የኔን ቤት መሣሪያ ያየ ሰው ያውቃል፤ እያንዳንዱን በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። ማን ያን ያህል ይጠነቀቅለታል?

ገንዘብ ያዧ፦ ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን የእድራችንን ድንኳን ያስቡት። ማናችንም ቤት ድንኳን የለም፤ ትልቁ ብረት ድስትም የለም። ሲያስፈልገን ቆጥረን እንረከባለን፣ ቆጥረን እንመልሳለን። ብርጭቆ ከጎደለ እንተካለን። የመሥሪያ ቤትዎ ሳጥን የጠፋው የጋራ ስለሆነ አይመስለኝም። ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

ባለ ያማሃው ጋሼ፦ እሱስ ልክ ነሽ ልጄ። ቁልፉ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚውለው። አንድ ተረካቢ ይኑር፣ የወሰደም ይፈርም ካላችሁ እኔም አለሁበት።

ባለ አፓቼው፦ እኔ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደማይገባ ብናስቀድም እላለሁ። የ10፣ የ12፣ የ14 መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ ይቅሩ። እነዚህን በየሳምንቱ እንነካቸዋለን፤ በየቤታችን ይኑሩ። የጋሼ መሥሪያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የጠፋውም የ10 መፍቻ ነው፤ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሚፈልገው እሱን ነዋ። በጋራ የምንገዛው በዓመት አንዴ የሚፈለገውን፣ ያለሱ ግን ሥራው የማይሠራውን ይሁን።

በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው የማግኔት መንቀያ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ኮይል ለመቀየር፣ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ማግኔት ከዘንጉ መውጣት አለበት። ሾጣጣ ዘንግ ላይ ተነክሶ ስለሚቀመጥ በእጅ አይወጣም። በመዶሻ የመታው ሰው ማግኔቱን ይሰነጥቃል፤ ወይ ዘንጉን ያጣምማል። መንቀያው ግን ማግኔቱ መሐል ባለው የብሎን ጥርስ እየዞረ ይገባና መሐሉ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ዘንጉን ገፍቶ ማግኔቱን ይስበዋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ ልኩ ከሞተር ሞተር ይለያያል። አንዳንዱ ጥርሱ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ሳንለካ አንግዛ።

ባለ ቶርኖ ቤቱ ወንድማችን፦ መንቀያውን ለኔ ተዉት። ልኩን ካመጣችሁልኝ ቶርኖ ላይ አወጣዋለሁ። ጥርሱ ወደ ግራም ቢሆን ችግር የለም። ብቻ ከለስላሳ ብረት አልሠራም፤ አንዴ ሲሠራበት ጥርሱ ይላጣል። ጠንካራ ብረት ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አስመጣለሁ። ለብረቱ ክፈሉኝ፤ የጉልበቱ የኔ መዋጮ ይሁን።

ገንዘብ ያዧ፦ እግዜር ይስጥልን! ባለ አራት ጥርሱንስ ቡሾላ መሥራት ትችላለህ?

ባለ ቶርኖ ቤቱ ወንድማችን፦ እችላለሁ። አሮጌ ቡሾላ አምጡልኝ፤ አፉን አራት ቦታ እቆርጠዋለሁ። ልኩን ግን ከዳዶው ላይ ነው የምወስደው።

ባለ ቦክሰሯ፦ የኔ ጥያቄ ካቴና ነው። በየቀኑ ወደ ገጠር ቀበሌ ነው የምሄደው፤ አቧራና ጭቃ ካቴና ይበላል። መቁረጫ ስለሌለኝ ፒኑን በሞርሳና በሚስማር ነው የማወጣው። ሁለቴ ጎኑ ተጣሞብኛል። የአብዛኞቻችን ካቴና ቁጥሩ 428 ነው። 4 ማለት ከፒን እስከ ፒን የኢንች 4/8፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ነው። ባለ 250 ሲሲ ሞተር የሆኑት ሁለቱ አባላት ካቴና ግን 520 ነው፤ የነሱ የኢንች 5/8 ነው። ሁለቱንም የሚቆርጥ መሣሪያ አለ። እሱን ከገዛን ማንም አይቀርም።

ባለ አሮጌው ሆንዳ፦ የጃፓን ሞተር ያላችሁ ይኼን ታውቃላችሁ። የካርተሩ፣ ማለትም የሞተሩ ሽፋን፣ የመስቀል ቪቶች በተራ ካቻቢቴ ሲፈቱ እየተንሸራተቱ ይበላሉ። ጥፋቱ የእጃችን አይደለም። ጃፓኖቹ የራሳቸው የመስቀል ልክ አላቸው፤ ጫፉ ከተለመደው ይለያል። ብዙ ጊዜ ቪቱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። የዚህ ካቻቢቴ ሦስት መጠን፣ ከዚያ በመዶሻ እየተመታ የሚዞረው መፍቻ ይግባልን። የኔ ሆንዳ ላይ አራት ቪት በድሪል ነው ያወጣሁት። ለማንም አልመኝም።

ባለ አፓቼው፦ ይግባ። ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካው ቶርክ መፍቻስ? ውድ ነው። ግን የሚያድነው የበለጠ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ብረት ነው፣ የሚገባበት አሉሚኒየም ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሚበላው የሞተሩ ጥርስ ነው። ትልቁን የመኪና ቶርክ መፍቻ እንዳንገዛ ብቻ። የካርተር ትንንሽ ብሎኖች 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚፈልጉት፤ ትልቁ እዚያ ድረስ አይወርድም። ከ5 እስከ 25 የሚለካው ይበቃናል።

ባለ ያማሃው ጋሼ፦ ለሱስ ደንብ ይጻፍለት። በቶርክ መፍቻ ብሎን አይፈታም፤ ማጥበቂያ ብቻ ነው። ተሠርቶበት ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመለሳል። ተጠብቆ ካደረ ስፕሪንጉ ይደክምና ይዋሻል። የዋሸ መለኪያ ደግሞ ካለመኖሩ ይብሳል።

ባለ ቦክሰሯ፦ የፊት አሞርትዛተር ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ጎሚኒ መግጠሚያ ይገዛ ያላችሁ ነበራችሁ። አያስፈልግም። ልኩ የሆነ የውኃ ቱቦ፣ አፉ በአሸዋ ወረቀት ከለሰለሰ፣ ያንኑ ይሠራል። የካርቡሬተር ማመጣጠኛውም ይቅር። የሁላችንም ሞተር ባለ አንድ ፒስተን፣ ባለ አንድ ካርቡሬተር ነው፤ ከምን ጋር ይመጣጠናል?

ጸሐፊው፦ እስካሁን የተባለውን እንዲህ ጽፌዋለሁ። ማኅበሩ የማግኔት መንቀያና ባለ አራት ጥርስ ቡሾላ በየሞተሩ ልክ ያሠራል። የካቴና መቁረጫ፣ የጃፓን ካቻቢቴዎች፣ በመዶሻ የሚመታው መፍቻ፣ ትንሹ ቶርክ መፍቻ ይገዛሉ። የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ስስ ብረትም ጨምሬያለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ብዙዎቻችን የለንም። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር፣ በሦስት ወር ውስጥ በየወሩ 500 እየተባለ ይከፈላል፤ በድምሩ 36,000 ይሆናል። ከሁለት ሱቅ ዋጋ ሳንጠይቅ አንገዛም። የወሰደ ደብተር ላይ ፈርሞ ይወስዳል፣ በሦስት ቀን አጽድቶ ይመልሳል። የጠፋውን የወሰደው ይተካል። በሥራ ያረጀውን ማኅበሩ ይተካል።

ገንዘብ ያዧ፦ በሥራ ላይ የተሰበረ ከሆነስ? አንዱ አባል ድሃ ሆኖ ቶርክ መፍቻው እጁ ላይ ቢሰበር ከማኅበሩ እንዲሸሽ አልፈልግም።

ጸሐፊው፦ ጥሩ አልሽ። «በአግባቡ ሲሠራበት የተሰበረውን ማኅበሩ ይተካል» ብዬ አስገባለሁ። የቀረን ተረካቢው ነው።

ባለ ያማሃው ጋሼ፦ ሳጥኑ እኔ ሰርቪስ ቤት ይቀመጥ። ጡረታ ላይ ነኝ፣ ከቤት አልጠፋም። ደብተሩንም እኔ እይዛለሁ፤ የዘይት ጨርቁም አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኮይል ልቀይር ማግኔቴን እፈታለሁ። ባለ ቶርኖ ቤቱ፣ ካሊፐርህን ይዘህ ና። ከኔ ልክ እንጀምር።