ጅራቱን እየቆላ የሚያጉረመርም ውሻ ምን እያለን ነው?

የኮተቤዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በግቢያችን አንድ ወንድ ውሻ አለን፤ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውልና ማታ ይለቀቃል። ቤተሰቡን በሚገባ ያውቃል፣ ልጄም አብራው ትጫወታለች። ሰሞኑን ግን እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ያጉረመርማል፤ ደስ ብሎት ነው ብለው የቀረቡትን ጎረቤታችንን ሊነክሳቸው ቃጥቶት ነበር። የሌሊት ጩኸቱም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዴ ወፍራምና የተከታተለ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀጭንና እያረፈ የሚደጋገም ነው። አልፎ አልፎ ሲያላዝን አማቴ መርዶ ሊመጣ ነው ብለው ይጨነቃሉ። ጅራት መቁላት የወዳጅነት ምልክት አይደለም ማለት ነው? ጩኸቱስ በእርግጥ የተለያየ መልእክት አለው? ሲያጉረመርም ብንቆጣው ይሻላል ወይስ ብንተወው?

የእንስሳት ሐኪሙ፦
እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሲያጉረመርም ፈጽሞ አይቅጡት። ማጉረምረም ከንክሻ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተው ይሆናል እንጂ ፍርሃቱ ከውስጡ አይወጣም፤ ስለዚህ በሌላ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ሊነክስ ይችላል።

ጅራት መቁላት የሚነግረን ውሻው ስሜቱ መነሣሣቱን ብቻ ነው፤ መነሣሣቱ ለደግ ይሁን ለክፉ የሚታወቀው ከጅራቱ አቀማመጥና ከቀረው አካሉ ነው። የተደሰተ ውሻ ጅራቱን ከነወገቡ ሰፋ አድርጎ ያወዛውዛል፣ ሰውነቱ ይላላል፣ አፉም ገርበብ ይላል። ጅራቱ ወደ ላይ ተገትሮ በአጭር በአጭሩ ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስ፣ አካሉ የደረቀ፣ የጀርባው ፀጉር የቆመና ዓይኑን ከሰው ላይ የማያነሣ ከሆነ ግን አለመቅረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው ደግሞ ውሾች ባለቤታቸውን ሲያዩ ጅራታቸው ይበልጥ ወደ ቀኝ፣ የማያውቁትንና ኃይለኛ የሆነ ውሻ ሲያዩ ይበልጥ ወደ ግራ ያደላል። ይህን በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ለእርስዎ የሚጠቅመው የመላ አካሉ ሁኔታ ነው።

ሰንሰለቱንም ያስቡበት። የፈራ እንስሳ የመጀመሪያ ምርጫው መሸሽ ነው፤ የታሰረ ውሻ ግን መሸሽ ስለማይችል የሚቀረው መጮህና መንከስ ነው። እንግዳ ሲመጣ አጥር ባለው በተለየ ስፍራ ቢቆይ ለእርሱም ለሰውም ይሻላል።

ሰሚ ጆሮ፦
ስለ ጩኸቱ እኔ ልጨምር። የቡዳፔስት ኤትቬሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙዲ የተባለውን የሃንጋሪ እረኛ ውሻ ጩኸት በተለያዩ ሁኔታዎች ቀድተው ለሰዎች አሰሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ውሻ ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ጩኸቱ በምን ሁኔታ የተሰማ እንደሆነ በግምት ብቻ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ለይተዋል። ወፍራም፣ ሻካራና ፋታ የሌለው ጩኸት እንደ ቁጣ፣ ቀጭን፣ ጥርትና እያረፈ የሚመጣው ደግሞ እንደ ፍርሃት ወይም እንደ ተስፋ መቁረጥ ተሰምቷቸዋል። እርስዎ የገለጹልን ሁለቱ ጩኸቶች ከዚህ ጋር ይስማማሉ፤ ወፍራሙን ሲሰሙ በአጥሩ አጠገብ ሰው ወይም ጅብ እንዳለ ቢጠረጥሩ አይፈረድብዎትም።

ማላዘን ከተኩላ ወገን የተወረሰ የሩቅ ጥሪ ነው። ውሻ ሌላ ውሻ ሲያላዝን ሲሰማ፣ የአምቡላንስ ድምፅ ሲያልፍ ወይም ብቻውን ሲቀር ያላዝናል፤ እማማን በዚህ ያጽናኗቸው።

የኮተቤዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጄ አንገቱን ስታቅፈው ከንፈሩን እየላሰ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ አንዳንዴም ያዛጋል። ይህ ፍቅር ነው ብለን ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ይህን በማስተዋልዎ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ልጆችን ከንክሻ የሚጠብቀው እንዲህ ያለው ማስተዋል ነውና። ምግብ ሳይኖር ከንፈር መላስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ማዛጋት፣ ፊትን ማዞርና የዓይንን ነጭ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ውሻው እንደተጨነቀና ፋታ እንደሚፈልግ ያመለክታሉ። ልጅዎ ከማቀፍ ይልቅ እርሱ ወደ እርሷ እስኪመጣ ትጠብቅ፤ ሲበላና ሲተኛም አትንካው። ጨዋታ ሲፈልግ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ፣ ወገቡን ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ አብራው ብትሮጥ ችግር የለውም።

«ሰሞኑን» ማለትዎ ግን ያሳስበኛል። በድንገት ማጉረምረም የጀመረ ውሻ ጆሮውን፣ ጥርሱን ወይም መገጣጠሚያውን አሞት ሊሆን ስለሚችል ይመርመር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው አልፎ ከሆነም ይታደስለት። ድምፁ ከሻከረ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከና ጠባዩ ፈጽሞ ከተለወጠ ማንም አይቅረበው። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ፣ ውሻው ጤነኛ ቢመስልም እንኳ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።