ለቤት ውስጥ ቀረጻ ሚክሰር የግድ ነው እንዴ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ ዘፈን መቅዳት ልጀምር ነው። አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ ጃክ ያለው አኮስቲክ ጊታርና ላፕቶፕ አለኝ። የምሠራው ብቻዬን ነው፤ መጀመሪያ ጊታሩን እቀዳለሁ፣ ከዚያ እሱን በሄድፎን እየሰማሁ እዘፍናለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «ያለ ሚክሰር (የተለያዩ ድምፆችን የሚቀላቅል መሣሪያ) ምን ስቱዲዮ አለ?» ይለኛል። ሌላው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክና ጊታርን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ግዛና ተገላገል ይላል። ያገለገለ ባለ 8 ቻናል ሚክሰር አግኝቻለሁ፣ ዩኤስቢ አለው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ባለጊታሩ፦
ይቅርብህ ወንድሜ። ሁለት መግቢያ ያለው ኢንተርፌስ ከበቂ በላይ ነው። ብቻ ሁለት ነገር እይ፦ ለኮንደንሰር ማይክህ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ)፣ ለጊታሩ ደግሞ «ኢንስት» ወይም «ሃይ ዚ» የሚል ቁልፍ።

የድምፅ ሰው፦
ባለ 8 ቻናል ነው ማለት ስምንት ትራክ ለየብቻ ይቀዳል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ርካሽ የዩኤስቢ ሚክሰሮች ወደ ኮምፒውተር የሚልኩት ሁሉም ነገር የተቀላቀለበትን ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ሚክሰሩ ላይ ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) ከፍተህ ከዘፈንክ ሪቨርቡም አብሮ ይቀዳል። በኋላ «በዛብኝ» ብትል የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ለአንተ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ጊታሩን ከላፕቶፕ እያጫወትክ ስትዘፍን፣ የጊታሩ ድምፅ በዩኤስቢ ተመልሶ ሚክሰሩ ውስጥ ይገባል። ወደ ዋናው መውጫ ከተላከ ደግሞ ከድምፅህ ጋር ሁለተኛ ይቀዳል። መመለሻውን ወደ ሄድፎን ብቻ የሚልክ ቁልፍ ያላቸው አሉ፤ የሌላቸውም ሞልተዋል።

መግዛትህ ካልቀረ ከሻጩ ፊት ላፕቶፕህ ላይ ሰካውና መቅጃ ፕሮግራሙን ክፈት። የመግቢያ ዝርዝሩ ላይ 1 እና 2 ብቻ ከታየህ ነገሩ ገብቶሃል። ያኔም ቢሆን የማይኩን ፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ቀኝ የሚልከውን ቁልፍ) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የጊታሩን ወደ ቀኝ ብታዞር ሁለት የተለያዩ ትራኮች ታገኛለህ።

ፖድካስተሯ፦
ሚክሰርን እንዲህ አታጣጥሉት እንጂ! እኛ አራት ሆነን በቀጥታ ስናስተላልፍ አንዱ ሳቁን ሲለቀው ፌደሩን (የድምፁን መጠን የሚቀንሰውን ተንሸራታች) ወዲያው ዝቅ አደርጋለሁ። ያንን በማውስ ልሞክር ብል እስክደርስ ጆሯችን አልቋል። ባንድ ይዞ ለሚለማመድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የሄድፎን ድምፅ መላክ ለሚፈልግም ጥሩ ነው። ለብቻህ ለምትቀዳው ለአንተ ግን ከባለጊታሩ ጋር ነኝ።

ጀማሪው፦
ተባረኩ። አንድ ነገር ብቻ፦ በኢንተርፌስ ስትዘፍን ድምፅህ ሄድፎኑ ላይ ዘግይቶ ይመጣል ይባላል። እውነት ነው?

ባለጊታሩ፦
ድምፁ በኮምፒውተሩ ዞሮ ከመጣ አዎ። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ኢንተርፌሶች ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ያለው። እሱን ስትከፍት ድምፅህ ላፕቶፑ ጋ ሳይደርስ በቀጥታ ጆሮህ ይገባል። ታዲያ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ሞኒተር አጥፋው፤ ያለበለዚያ ራስህን ሁለቴ ትሰማለህ።

የድምፅ ሰው፦
በፕሮግራሙ በኩል ኢፌክት እየሰማህ መዝፈን ካማረህ በፈርን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያስተናግደውን የድምፅ መጠን) 128 ሳምፕል ላይ አድርገው። በ48 ኪሎኸርዝ ያ ለአንድ አቅጣጫ ወደ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው። መሣሪያው ራሱ ትንሽ ይጨምርበታል፣ ግን የሚያስቸግር አይደለም። ዊንዶውስ ከሆነ የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር (መዘግየትን የሚቀንስ ሶፍትዌር) ጫን። ቀረጻው አልቆ ሚክስ ስታደርግ ወደ 512 ወይም 1024 ከፍ አድርገው፤ ላፕቶፑ ይተነፍሳል።

ፖድካስተሯ፦
በተረፈህ ገንዘብ ጆሮ የሚሸፍን ዝግ ሄድፎን ግዛ። ክፍት ከሆነ ጊታሩ እየሾለከ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ጌይኑን (የማይኩን የመግቢያ መጠን) ስታስተካክል ደግሞ በለሆሳስ አትለካ፤ የዘፈኑን በጣም የምትጮህበትን ቦታ ዝፈን። መለኪያው እዚያ ላይ ከ-12 እስከ -10 ዴሲቤል ከደረሰ በቂ ነው። በ24 ቢት እስከቀዳህ ድረስ ቀዩ ጋ መጠጋት አያስፈልግም።