አስቸኳይ፦ ዓርብ የማስተምራቸው ልጆች የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ከመጽሐፉ ቃል በቃል ገልብጠው አመጡ

የሦስት ልጆች እናት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። ከነገ ወዲያ ዓርብ ጠዋት፣ በክርስቲያን ቤተሰቦች ኮኦፓችን (ልጆቻችንን በቤት የምናስተምር ቤተሰቦች ተባብረን በምናስተምርበት ማኅበር) ውስጥ የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ከድርሰት ጋር አጣምሮ የሚሰጠውን ክፍል እኔ መያዝ አለብኝ፤ እስካሁን ታስተምር የነበረችው እናት ባለቤቷ ሥራ በመቀየሩ በድንገት ወደ ሌላ ግዛት ሄዳለች። ስለ ቅዱስ ቤኔዲክትና ስለ ገዳሙ ሥርዓት አንድ አንድ አንቀጽ ጽፈው እንዲመጡ አዝዛቸው ነበር። ዛሬ ማታ ጽሑፉን ሰብስቤ ሳነብ አብዛኞቹ ከመማሪያ መጽሐፉ እንዳለ ገልብጠውታል፤ የሦስቱማ ከነሥርዓተ ነጥቡ አንድ ነው። ወላጆች ታርሞ ዓርብ እንዲመለስላቸው ይጠብቃሉ። ዜሮ ልስጥ? ልቆጣ? ወይስ ትቼው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ልለፍ? እኔ የተማርሁት ሒሳብ አያያዝ እንጂ ታሪክ አይደለም፤ ስለዚህ እባካችሁ ፈጥናችሁ ምከሩኝ።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኅቴ፣ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ስንት ናቸው? ክፍለ ጊዜው ምን ያህል ይረዝማል? የጻፉት በእጃቸው ነው ወይስ በኮምፒውተር? ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሰጠው መልስ ለዐሥራ አምስት ዓመቱ አይሆንም።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ልጄ፣ አስቀድመሽ የዘመኑን ወሰን ለልጆቹ አስረጂ። የመካከለኛው ዘመን የሚባለው በልማድ እ.ኤ.አ. በ476 የምዕራቡ የሮም መንግሥት ከወደቀበት፣ በ1453 ቁስጥንጥንያ በኦቶማኖች እጅ እስከ ገባችበት ድረስ ያለው ነው። ስያሜው የተሰጠው በኋላ በተነሡ ሰዎች ነው እንጂ፣ በ800 በገና ዕለት ሻርለማኝ በሮም ዘውድ ሲጭን «እኛ በመካከለኛው ዘመን እንኖራለን» ያለ ሰው አልነበረም። ደግሞም እነዚህ የአሜሪካ መማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መለያየት ከ1054 የጀመረ ያስመስሉታል፤ የእኛና የግብፅ፣ የአርመንና የሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ከባይዛንታይንና ከሮም የተለዩት ግን ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ነው። ይህን ያልሰማ ልጅ አያቱ የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን በታሪኩ ውስጥ የት እንዳለ ሳያውቅ ያድጋል።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን እኅታችን የጠየቀችው የተገለበጠውን ጽሑፍ ዓርብ ምን ላድርገው ብላ ነው።

ስሜ ይቆየኝ

ሰባው ሊቃናት በየክፍላቸው ተለያይተው መጻሕፍትን ሲተረጉሙ ቃላቸው ሁሉ አንድ ሆኖ ተገኘ ይባላል። የእኅታችንም ሦስት ተማሪዎች ያንን ጸጋ ወርሰው ይሆናል፤ ዜሮ ከመስጠቷ በፊት ካህን ታማክር።

ዲያቆን፣ ዳላስ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ የጥያቄውን መነሻ ራሱን አልቀበለውም። መገልበጥ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በዚያ እርስዎ በሚያስተምሩት ዘመን በአውሮፓም ሆነ በእኛ ገዳማት መጻሕፍት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፉት ገልባጭ ስለ ነበረ ነው። ቁም ጸሐፊው የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና አዘጋጅቶ፣ ቀለሙን ቀምሞ፣ መቃውን ቀርጾ፣ የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን ስም በቀይ እየለየ፣ አንዲት ፊደል እንዳትጎድል ተጠንቅቆ ሲጽፍ «ሌባ» ያለው የለም። እኔም ራሴ ዳዊት የደገምሁት የመምህሬን ቃል አንድ በአንድ እየተቀበልሁ ነው። ልጆቹ በመልካም እንግሊዝኛ የተጻፈ አንቀጽ በእጃቸው ቢገለብጡ እጃቸውም ጆሯቸውም ይሠለጥናል እንጂ የሚጎዳቸው ነገር አይታየኝም።

ቅኔ ቤት የዋልሁ፣ ሲያትል

ወንድሜ ዲያቆን፣ የነገርኸን ግማሹን ነው። ዳዊት ቤት ከመምህሩ ቃል ዝንፍ ማለት ነውር ነው፤ ያው ተማሪ አድጎ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነውሩ ይገለበጣል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢናገር በጓደኞቹ ፊት ይዋረዳል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ልጆቹ ከሁለቱ በየትኛው ቤት ናቸው የሚለው ነው፤ ድርሰት ጻፉ ከተባሉ ቅኔ ቤት ገብተዋል ማለት ነው። የቅኔ መምህር ደግሞ ጀማሪውን ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለውን መወድስ የተባለ ቅኔ አያሸክመውም፤ ጉባኤ ቃና በተባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ያስጀምረዋል። እኅቴም ዓርብ ሙሉ አንቀጽ ከመጠየቅ ይልቅ የራሳቸው የሆኑ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ብታስጽፍ ይበቃል። ቁም ጸሐፊውም ቢሆን በመጽሐፉ መጨረሻ ማን እንዳስጻፈውና ማን እንደጻፈው ያኖራል፤ የእኅታችን ተማሪዎች ግን ቃሉን ከማን እንደወሰዱ አልጻፉም።

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይቅርታ፣ ተጣድፌ ዋናውን ረሳሁት፤ ልጆቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 13 ነው፤ ያለን ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የሚጽፉት በእንግሊዝኛና በእጃቸው ነው። ቤተሰቦቹ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ሲሆኑ እኛን ጨምሮ ሁለት የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች አለን። ከቻትቦት አልገለበጡም፤ መጽሐፉን ከጎን አድርጌ አስተያይቼዋለሁ።

የአራት ልጆች እናት፣ አትላንታ

እኔ ይህንኑ ክፍል በእኛ ኮኦፕ ለተመሳሳይ ዕድሜ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ የምሠራበትን ልንገርሽ። ልጆቹ የገለበጡት ሰነፎች ወይም አታላዮች ስለ ሆኑ አይመስለኝም። መጽሐፉ ከፊታቸው ተዘርግቶ «ስለ ቤኔዲክት ጻፉ» ሲባሉ ከደራሲው የተሻለ ቃል ከየት ያመጣሉ?

ዓርብ ጽሑፋቸውን ሳታርሚ መልሺላቸው፤ በላዩ ላይ «ንባብ» ብለሽ ብቻ ጻፊበት፤ ውጤትም አትስጪው። ከዚያ አንድ አጭር አንቀጽ ከመጽሐፉ አብራችሁ አንብቡና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከሦስት የማይበልጡ ቁልፍ ቃላት በሰሌዳው ላይ አውጡ። ለምሳሌ መጽሐፉ «ቤኔዲክት በ480 አካባቢ በኑርሲያ ተወለደ፤ ለትምህርት ወደ ሮም ቢላክም በከተማይቱ ኑሮ አዝኖ ሱቢያኮ ወደሚባል ስፍራ ሸሸ፤ በዚያም በዋሻ ውስጥ ሦስት ዓመት ብቻውን ኖረ» የሚል ቢሆን፣ «ሮም፣ አዘነ፣ ሸሸ» ከሚለው ጀምረው «ዋሻ፣ ብቻውን» ብለው ይጨርሳሉ። ቁጥርና ትንንሽ ሥዕል እንደ ቃል አይቆጠርባቸው፤ ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉም የሚዘልለው ነው፤ መጽሐፉ ይዘጋ፣ እንዲያውም ሰብስበሽ ጠረጴዛሽ ላይ አኑሪው። ሁለት ሁለት ሆነው ቃላቱን ብቻ እያዩ ታሪኩን እርስ በርስ በአፋቸው ይተርኩ። በአፉ መተረክ ያልቻለ ልጅ ታሪኩ ገና አልገባውምና እንዲጽፍ አታስገድጂው፤ እንደገና ያንብብ። መጻፍ የሚጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቢፈልጉም መገልበጥ አይችሉም።

ይህ ግን የሚያስጽፋቸው ማጠቃለያ ብቻ ነው። ድርሰት እንዲሆን በመጽሐፉ ውስጥ መልሱ ተጽፎ የማይገኝ ጥያቄ ስጪያቸው። ለቤኔዲክት እኔ የምሰጠው ይህ ነው፦ ከሰው ሸሽቶ ዋሻ የገባ ሰው፣ በኋላ በሞንቴ ካሲኖ ሆኖ ሰዎች አብረው እንዴት እንደሚኖሩ 73 ምዕራፍ የጻፈው ለምንድን ነው? የዐሥራ አንድ ዓመት ልጆች በዚህ ሲከራከሩ ብትሰሚ ትገረሚያለሽ። አንዷ ልጅ «ብቻውን ሲሆን ማንም አያናድደውም ነበር፤ ሕጉ ያስፈለገው ሲያናድዱት ነው» ብላ ጽፋለች። እኔ ይህንን ከየትኛውም የተገለበጠ አንቀጽ አስበልጠዋለሁ።

የመጻሕፍት ወዳጅ

ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቁልፍ ቃላት እንዲያወጡ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ መጽሐፉንም ይዝጉት።

ስሜ ይቆየኝ

ከላይ ካለው መልስ ቃል በቃል ተገልብጧል። ዜሮ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ቀደም ሲል ከጥያቄው መራቄን ነግረውኛል፤ እንግዲህ ለዓርብ የሚጠቅም ነገር ላቅርብ። የአትላንታዋ እናት ያቀረበችው ጥያቄ እጅግ ጥሩ ነው፤ ለሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ማወዳደሪያ አንቀጽ ማስጻፍ ይቻላል። በቤኔዲክት ዘመን ገደማ፣ ማለትም በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በስድስተኛው መጀመሪያ፣ ተስዓቱ ቅዱሳን ወደ ኢትዮጵያ እንደመጡ ትውፊታችን ያስተምራል፤ ከእነርሱ አንዱ አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን ሲመሠርቱ የግብፃዊውን የቅዱስ ጳኩሚስን የማኅበር ኑሮ ሥርዓት ይዘው እንደነበር ይነገራል። ያው የጳኩሚስ ሥርዓት በ404 በጄሮም ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለምዕራቡ ደርሷል፤ በግእዝም ተተርጉሞ ይገኛል። ቤኔዲክት ደግሞ በመጨረሻው ምዕራፍ የቅዱስ ባስልዮስን ሥርዓት ስሙን ጠርቶ እንዲነበብ ያሳስባል። እንግዲህ የጣሊያኑም ሆነ የትግራዩ መነኩሴ የምሥራቅ አባቶች ልጆች ናቸው፤ ይህንን የሚሰሙ የፕሮቴስታንት ልጆችም የሚከፉበት ምክንያት የለም። በእኛ አንድነት ገዳም መነኮሳቱ ንብረታቸውንም ማዕዳቸውንም በጋራ ያደርጋሉ፤ በቁሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ ለራሱ ያድራል። ልጆቹ «የቤኔዲክት ገዳም ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል?» ተብለው ይጠየቁ፤ ልጄ፣ የአንቺም ልጆች በዚያን ዕለት ለጓደኞቻቸው የሚነግሩት ነገር ያገኛሉ።

ወጣት፣ ዴንቨር

ታዲያ ወደ ኢትዮጵያ ከገባን ላሊበላን የመስቀል ጦረኞች ቴምፕላሮች እንደሠሩት በቪዲዮ አይቻለሁ፤ ይህ ለልጆቹ የበለጠ አይማርካቸውም?

ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ይማርካቸዋል፤ ግን ማስረጃ የለውም። አብያተ ክርስቲያናቱ የዛግዌ ዘመን የኢትዮጵያውያን ሥራ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከንጉሡ ከላሊበላ በፊት ተጀምረው ሊሆን እንደሚችል የሚያጠኑት ይናገራሉ። በ1187 ሳላሐዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች መያዙ ከላሊበላ ዘመን ጋር ስለ ተቀራረበ ተረቱ ከዚያ ተንሥቶ ይሆናል። ይልቅስ ቪዲዮውን ለክርክር ተጠቀሙበት፤ «ይህን ያለው ማን ነው፣ በምን ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ክፍል ደኅና ልምምድ ነው።

ነርስ፣ ሚኔሶታ

በዚሁ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ግድግዳ ላይ የዘመን መስመር የምትሠሩ ከሆነ፣ ከአማርኛ መጻሕፍት የሚወሰደውን ዓመተ ምሕረት ሳይቀይሩ ከፈረንጆቹ ጎን መለጠፍ ነገሩን ያበላሸዋል። ዓድዋ በእኛ 1888፣ በእነርሱ 1896 ነው። በእኛ ቤት የዘመን መስመር ላይ ሁለቱም ተለጥፈው ጦርነቱ ሁለት ጊዜ ሆኖ ነበር። የአማርኛውን በሌላ ቀለም ብትጽፉት ይለያል።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ወላጆቹ ደግሞ፣ «ታርሞ ይመለሳል» ብለው ከጠበቁ ዛሬውኑ አጭር መልእክት ላኪላቸው። የማንንም ልጅ ስም ሳትጠሪ፣ ክፍሉ ከመጻፍ በፊት ማስታወሻ መያዝን እንደሚለማመድና የታረመው ጽሑፍ ከሳምንት በኋላ እንደሚመለስ ግለጪ። ሦስቱን ተመሳሳይ ጽሑፎች ግን ለሦስቱ ቤተሰቦች ለብቻ ንገሪ፤ በክፍል ፊት ከሆነ ልጆቹም ወላጆቹም ይቀየማሉ። የመጀመሪያውንና የተሻሻለውን ረቂቅ አንድ ላይ በማኅደር አኑሩ። በቨርጂኒያ የቤት ትምህርት ማስታወቂያ ያስገባ ወላጅ እስከ ኦገስት 1 የልጁን ዕድገት የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ስላለበት፣ በገምጋሚ በኩል ለሚያቀርብ ቤተሰብ እንዲህ ያለው ማኅደር ይጠቅማል።

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ለወላጆች መልእክቱን አሁን ልኬያለሁ፤ ዓርብም የአትላንታዋ እኅቴ እንዳለችው አደርጋለሁ። መምህር፣ የአንድነትና የቁሪቱን ጥያቄ ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀምጬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ከልጆቹ አንዱ ንግግሩ የበሰለ ሆኖ ሳለ ፊደል ስለሚምታታበት መጻፍ እጅግ ይከብደዋል። እርሱ ከገለበጡት አንዱ ነው። ምን ላድርገው?

የአራት ልጆች እናት፣ አትላንታ

እርሱ እንኳን መገልበጡን የመረጠው ቃሉ በትክክል የተጻፈ ስለ ሆነ ሳይሆን አይቀርም። በአፉ ይናገርና አንቺ ወይም ሌላ እናት ጻፉለት፤ ቶማስ አኩዊናስም ለጸሐፊዎች በቃሉ ያስጽፍ ነበርና ልጁ ነገሩን እንደ ድክመት እንዳይቆጥረው ይህንን ንገሪው። የምትጽፍለት ሰው ግን ዓረፍተ ነገሩን እንዳታሳምርለት፣ እርሱ ያለውን ብቻ እንዳለ ትጻፍ፤ ከዚያም ከጻፈችለት ውስጥ አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ በራሱ እጅ ይገልብጥ። ቃሉ የራሱ ስለሆነ ያንን መገልበጥ ዲያቆኑም ቢሆኑ የሲያትሉም ወንድማችን አይቃወሙትም።