የድሮ ወታደራዊ ዶጅ ኤም 37 የፍሬን ቱቦ፦ የፍሪጅ መዳብ ይሆናል?

አዘዞ፦
ሰላም ወንድሞች። ጎንደር ውስጥ ለዓመታት ቆሞ የኖረ ዶጅ ኤም 37 እያደስን ነው። በሻሲው ዳር የሚሄዱት የፍሬን ቱቦዎች በዝገት አልቀዋል፤ በጥፍር ሲፋቁ ይረግፋሉ። መካኒኩ የፍሪጅ መዳብ እንዘርጋ፣ የሚያጥረውን በነሐስ መጋጠሚያ እንቀጥል ይላል። የገዛነው የቱቦ ማሰሪያ ዳዶ ደግሞ ኤም 10 (ባለ 10 ሚሊ ሜትር) ነው፤ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ላይ ግማሽ ዙር ሄዶ ይነክሳል። ምን ቱቦ፣ ምን ዳዶ ይሻላል? ከመስመሩ አየር ማውጣቱስ ከየትኛው ጎማ ይጀመራል?

ሞርሳ፦
መዳቡን ተዉት፣ እባካችሁ። ንጹሕ መዳብ በንዝረት እየደረቀ ይሄድና ዳዶው ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። የናንተ መኪና ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንዷ መጋጠሚያ ከተከፈተች አራቱም ጎማ ባዶ ነው። ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ የሚቀራችሁ የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው። ለፍሬን የተሠራ ባለ ድርብ ግድግዳ የብረት ቱቦ፣ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ግዙ። ቅይጡ አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። በመጭመቂያ ቀለበት የሚያዝ የውኃ መጋጠሚያ ፍሬን ላይ አይገባም።

ዳዶውን በግድ አታጥብቁ! የአሜሪካ መኪና ጥርሱ በኢንች ነው። አሮጌውን ቱቦ በካሊፐር ለኩ፦ 4.75 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዳዶው ብዙውን ጊዜ 3/8 በ24 ጥርስ ነው (ውፍረቱ 3/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ)፣ 6.35 ከሆነ 7/16 በ24። 3/8 ማለት 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ኤም 10 የማስተሩን ጥርስ ይበላዋል። አሮጌዎቹን ዳዶዎች አትጣሉ፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ጋ፣ ስትልኩ ናሙና ይሆናሉ።

ደብል ፍሌር፦
ሞርሳ ያለው ልክ ነው፤ ግን ጥሩ ቱቦም አፉ ካልተሠራ ያፈሳል። የፍሪጅ ሠራተኛ አፉን አንድ ጊዜ ብቻ ያሰፋዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በ45 ዲግሪ ተመልሶ የታጠፈ ድርብ አፍ ነው።

ቱቦውን በመጋዝ ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ። የውስጥና የውጭ ጠርዙን አጽዱ፣ ብናኙን በአየር ንፉ። ዳዶውን አሁኑኑ አስገቡ፤ አፉ ከሰፋ በኋላ አይገባም። ቱቦው ከአፍ ማስፊያ መሣሪያው መያዣ በላይ የሚወጣው አብሮት በሚመጣው ቁራጭ ትከሻ ውፍረት ልክ ነው። ቁራጩን አስገብታችሁ ስታጠብቁ ጫፉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ከዚያ ቁራጩን አውጥታችሁ በመሣሪያው ሾጣጣ ጨርሱት። ዙሪያው እኩል ካልሆነ ወይም ስንጥቅ ከታየ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ። መጀመሪያ በትርፍ ቁራጭ አምስት ስድስቴ ሞክሩ።

ጥርሱ ላይ የቧንቧ ክር ወይም ቴፕ አትጠቅልሉ። ፈሳሹን የሚይዘው አፉ እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ የቴፑ ቁራጭ ደግሞ ቱቦ ይዘጋል።

አሮጌው ቱቦ በአንድ ቁራጭ ከወጣ ለቅርጽ አስቀምጡት፤ ካልወጣ በወፍራም ሽቦ መንገዱን ቅዱ። ማሰሪያዎቹ በየ45 ሴንቲ ሜትሩ ይሁኑ፣ ከጭስ ማውጫው ራቁ።

አዘዞ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ላስቲክ ቱቦዎቹ ከላይ ደህና ይመስላሉ፣ ይቆዩ? ዘይቱስ?

ታምቡር፦
ይቀየሩ። የድሮ ላስቲክ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ያልፋል፣ ሲለቀቅ አይመለስም፣ ጎማው ታስሮ ታምቡሩ ይግላል። የማስተሩና የጎማ ሲሊንደሮቹ ጎሚኒም (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) አብሮ ይቀየር። በቤንዚን ወይም በናፍጣ አትጠቡ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። በንጹሕ አልኮል ወይም በፍሬን ዘይቱ ራሱ ይታጠብ።

ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ይሁን፣ ከታሸገ ጣሳ። የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወደ ሲልከን ዘይት ስለዞረ ከመስመሩ የወጣውን አሮጌ ዘይት ተመልከቱ። ወይን ጠጅ ቀለም ካለው ሲልከን ሊሆን ይችላል፤ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፣ መስመሩ በሙሉ ተጠርጎ ይውጣ።

አየር ሲወጣ ከማስተሩ ከራቀው ይጀመራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ግልጽ ላስቲክ ከጎማው ጀርባ ያለው የአየር ማውጫ ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ዘይት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት። ረጋጩ ቀስ ብሎ ይርገጥ፤ ማውጫው የሚዘጋው ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ነው፣ አለዚያ አየሩ ተመልሶ ይሳባል። በየአምስት ርግጫው ማስተሩን ሙሉ። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ፤ ማስተሩ ወለሉ ሥር ስለሆነ አቧራ ይበዛበታል።

የፔዳሉ ዘንግ ማስተሩን ሳይነካ ትንሽ ባዶ ርቀት ይኑረው። ከሌለው ዘይቱ ወደ ማስተሩ አይመለስም፣ ፍሬኑ ራሱን ይይዛል።

ሲያልቅ ፔዳሉን በኃይል ረግጣችሁ ሁለት ደቂቃ ያዙ፣ እያንዳንዱን ዳዶ በደረቅ ሶፍት ንኩ። ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደና ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የማስተሩ ጎሚኒ ነው። የመጀመሪያ ሙከራችሁ ሜዳ ላይ በእርምጃ ፍጥነት ይሁን፤ ወደ ጎሃ ዳገት አትውጡ። በማግስቱ ሶፍቱን ድገሙት።