«ተሸናፊ ይከፍላል» ቁማር ነው ወይስ አይደለም? የአራብሳ ኮንዶሚኒየም (አዲስ አበባ) ፕሌይስቴሽን ቤቶች ጉዳይ፤ አምስት ሰዎች በቅጽል ስም ሲከራከሩ

ምድር ቤት፦ እሁድ በነዋሪዎች ስብሰባ «ፕሌይስቴሽን ቤት ማለት ቁማር ቤት ነው፤ ከኮንዶሚኒየሙ ይውጣ» ተብሎ ተጨበጨበ። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ግድግዳ ላይ የተጻፈው «ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። በጣም ያናድዳል። ቁማር ላይ ያሸነፈ ሰው ገንዘብ ይዞ ይወጣል። እዚህ ያሸነፈ ልጅ አንድ ሳንቲም አያገኝም፤ ሒሳብ አይከፍልም፣ በቃ። ቤቱም ማንም ያሸንፍ ማን ለአንድ ጌም ያችኑ 10 ብር ነው የሚቀበለው። ጆተኒም ከረምቡላም ስንት ዘመን በዚሁ ሕግ ሲጫወቱ ኖረዋል።

እናት፦ ወንድሜ፣ «ሒሳብ አይከፍልም፣ በቃ» ያልከው እኮ ነው ችግሩ። ሁለት ልጆች አብረው ከተጫወቱ የየድርሻቸው 5 ብር ነው። አሸናፊው 5 ብሩን ከጓደኛው ኪስ ወሰደ ማለት ነው። ገንዘቡ በእጁ ስላላለፈ አልወሰደም ልትለኝ ነው?

ሒሳብ፦ ቁጥሩን እንየው። የኳስ ጌሙ ሃፍ (አጋማሽ) 4 ደቂቃ ላይ ከተደረገ አንድ ጌም ከነቅያሪውና ከነድጋሚ ምስሉ 12 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በሰዓት አምስት ጌም ማለት ነው። ከአምስቱ አራቱን የተሸነፈ ልጅ 40 ብር ይከፍላል፣ ጓደኛው 10 ብር። እኩል ቢካፈሉ 25፣ 25 ነበር። በአንድ ሰዓት 15 ብር ከደካማው ወደ ጎበዙ ሄደ። እኩል የሚችሉ ልጆች ሲሆኑ ግን አንዴ ይህ አንዴ ያኛው እየከፈለ ሒሳቡ ይመጣጠናል። ስለዚህ ሕጉ የሚጎዳው የአሥር ዓመት ልጅ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር ሲቀመጥ ነው። «አሸናፊ ይቀጥላል» የሚለው ሲጨመርበት ደግሞ አንዱ ጎረምሳ ከሰዓቱን ሙሉ በትንንሾቹ ሒሳብ ይጫወታል።

ምድር ቤት፦ በሉ ይሁን፤ እሱ ግን በችሎታ የመጣ ነው። ቁማር ዕጣ ነው። እዚህ ዕጣ የለም።

ጥገና፦ «ችሎታ ነው» ለማለት መጀመሪያ ሁለቱ ጆይስቲኮች እኩል መሆን አለባቸው። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ዱላ ሥር ሁለት ትንንሽ ፖቴንሾሜትሮች አሉ፤ አንዱ የግራ ቀኙን፣ አንዱ የላይ ታቹን ይለካል። ቀኑን ሙሉ ሲፈተግ ውስጡ ያለው ሽፋን ይበላል፤ ያኔ ጣት ሳይነካው ማሽኑ «ሂድ» የተባለ ይመስለዋል። ድሪፍት የሚባለው ይሄ ነው። ቀጥታ የተመታ ኳስ ወደ ጎን ይወጣል፣ ተከላካዩ ቦታውን ይለቃል። ያቺን ጆይስቲክ የያዘ ልጅ የሚከፍለው ለቤቱ የተበላሸ ዕቃ ነው።

ለማወቅ 10 ሰከንድ ይበቃል፦ ኳሱ ከተጀመረ በኋላ እጅን ከዱላው ላይ ማንሳት። ኳስ ከእግሩ ያለ ተጫዋች ብቻውን መንገድ ከጀመረ ጆይስቲኩ ታሟል። አቧራ ብቻ ከሆነ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ጠብ አድርጎ ዱላውን ማሽከርከር ለጊዜው ያድነዋል። ከተበላ ግን ሙሉው ክፍል ይቀየራል፤ 14 ብየዳ ነው፣ የብየዳው ካስቲን ሲነቀል ከተቸኮለ የቦርዱ መዳብ አብሮ ይላጣል። ያ ሁሉ የሚከብደው ቤት ቢያንስ በእረፍት ጆይስቲክ ያቀያይር። ይህ ሕግ ምንም ወጪ የለውም።

ምድር ቤት፦ በእረፍት ማቀያየሩ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ተቀብያለሁ። ግን ስለ ቤቱ ወጪ ማንም አያነሳም። መብራት በጌሙ 80ኛ ደቂቃ ላይ ሲሄድ ማን ይከፍላል? ሁሉም «አልተጠናቀቀም» ብሎ ይወጣል። ማሽኑም ይጎዳል።

ጥገና፦ ማሽኑን የሚጎዳው ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲቋረጥ ነው። ሲመለስ አልነሳ ካለ መደናገጥ አያስፈልግም፦ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ፓወሩን ተጭኖ መያዝ፤ አንዴ ይጮሃል፣ ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛው ድምፅ ሲሰማ መልቀቅ፤ ሴፍ ሞድ የሚባለው የጥገና ገጽ ይከፈታል። ጆይስቲኩን በገመድ ማገናኘት፤ ያለ ገመድ እዚያ ገጽ ላይ አይሠራም። ከዝርዝሩ 5ኛውን፣ ሪቢልድ ዳታቤዝን መምረጥ። 6ኛውን የነካ ጌሙን ሁሉ ያጠፋዋል። በየማሽኑ አንድ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ቢኖር ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ጌሙ አልቆ ማሽኑ በወጉ ይጠፋል፣ የ80ኛው ደቂቃ ጭቅጭቅም ይቀራል። ሦስት ማሽንና ሦስት ቴሌቪዥን በአንድ ዩፒኤስ ላይ መስቀል ግን አይሆንም፤ መብራቱ እንደሄደ አብሮ ይወድቃል።

አራተኛ ፎቅ፦ ስለ ዱላና ስለ ዩፒኤስ ስታወሩ ዋናው ነገር ተረሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ጌም በሽታ ነው ብሎ መዝግቧል። ለበሽታ ሱቅ ይከራያል?

ሒሳብ፦ እንዲህ አልተባለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቱ የበሽታዎች ዝርዝር የሚያወራው ሰው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥል ነው። በአብዛኛው 12 ወር የቆየ መሆን አለበት። ቅዳሜ ሦስት ጌም የተጫወተን ልጅ በሽተኛ ማለት ልጁንም፣ በእውነት የታመመውንም መበደል ነው።

ምድር ቤት፦ እንዲያውም ጌም ውስጥ ቁማር አየሁ የሚል ወደ ስልኩ ይመልከት። ቤልጂየም በ2018 በገንዘብ የሚገዛ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፈት የማይታወቅ ሣጥን ቁማር ነው አለች፤ የፊፋ ጌም አምራቹ ኢኤ በ2019 መጀመሪያ ላይ ሣጥኑ የሚገዛበትን የፊፋ ፖይንት ሽያጭ እዚያ አቆመ። ዕጣ ማለት ያ ነው። የሰፈራችን ማሽኖች ኢንተርኔት የላቸውም፤ ሣጥን አይሸጡም፣ ልጁን ከማያውቀው ሰው ጋር አያገናኙም። ጌም ቤቱን ዝጉትና ያው ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ በአባቱ ስልክ ይጫወታል። እዚያ ማንም አያየውም።

አራተኛ ፎቅ፦ የቤልጂየምን ሕግ ትተህ ዩኒፎርም የለበሰውን ልጅ ንገረኝ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ማን ነው የሚያስገባው?

ምድር ቤት፦ እሱን የሚያስገባ ቤት ይዘጋ። እኔ አልከራከርም።

እናት፦ ስልኩ ላይ ያልከው እውነት ነው፤ እኔም ጌም ቤቱ ይዘጋ አላልኩም። ልጅ ከጓደኛው ጎን ተቀምጦ ቢጫወት ይሻላል። ያልኩት ጽሑፉ ይነሳ፣ «ሁለታችሁም 5፣ 5 ብር» ተብሎ ይጻፍ ነው። ሕፃናት ለብቻ ማሽን ይሰጣቸው። ቤቱ እንደሆነ ያው 10 ብሩን ያገኛል፤ ራስህ ብለሃል።

ምድር ቤት፦ ያገኛል፤ ግን ጎበዞቹ ወደ ሚቀጥለው ብሎክ ይሄዳሉ። እነሱ ሲሄዱ እነሱን ሊያይ የሚመጣውም ይሄዳል።

ሒሳብ፦ አሁን እውነቱ ወጣ። ቤቱ ከሕጉ አይጠቀምም ነበር ያልከው። ተሸናፊ «ድገመኝ» የሚለው የከፈለውን ለማስመለስ ነው፤ ጌሙ የሚበዛው በዚያ ነው።

ምድር ቤት፦ ድገመኝ ማለት እልህ ነው። ኳስ ሜዳ ላይም አለ።

እናት፦ ከጀርባ ቆመው «በ50 ብር ይህኛው ያሸንፋል» የሚባባሉትስ? እሱም እልህ ነው?

ምድር ቤት፦ እሱ ቁማር ነው፤ ክጄ አላውቅም። ግን ባለቤቱ ጌም ነው የሚሸጠው፤ ከኋላ የሚንሾካሾከውን ሁሉ መጠበቅ አይችልም።

እናት፦ ሁለት ሰው ለሚጫወትበት ቴሌቪዥን ስምንት ወንበር የደረደረው ግን ባለቤቱ ነው።

ምድር ቤት፦ ወንበሩ ተራ ለሚጠብቅ ነው።

እናት፦ ተራ ለሚጠብቅ ሁለት ይበቃል።