አቻ አማካሪ «ኮርሱን ተዪው» ማለት ይችላል?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን ዘንድሮ የትምህርት ክፍላችን ስምንት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን በአቻ አማካሪነት እንድረዳ መድቦኛል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ከ30 11 ያገኘችበትን የሒሳብ አጋማሽ ፈተና ወረቀቷን አራት ቦታ አጣጥፋ ይዛ መጣችና «ኮርሱን ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ያንኑ ኮርስ በጭንቅ ያለፍኩ በመሆኔ «ተዪው» ለማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ ሆኖም ኋላ ብትጎዳ ምን እላለሁ ብዬ ስለ ፈራሁ «እስኪ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት። ኮርስ መተው የሚቻልበት ጊዜ ሊያበቃ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በእንዲህ ያለው ጉዳይ እስከ ምን ድረስ መናገር ይገባኛል?

መልስ 1፦ ለሁለት ዓመት ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። ከሁሉ የሚጎዳው ምክር «እኔ ስወስደው ከባድ ነበር» የሚለው ነው፤ ስለ እርስዎ እንጂ ስለ እርሷ ምንም አይናገርምና። ወረቀቱን አብራችሁ ዘርጉትና ነጥቡ የጠፋው ባለማወቅ፣ በስሌት ስሕተት ወይስ በጊዜ ማጠር እንደሆነ በየጥያቄው እንድትለይ ያድርጉ። ከዚያ የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ አውጡ። ፈተናው ከ100ው 30 የሚይዝ ከሆነና 11 ካገኘች፣ ያጣችው 19 ነው፤ ስለዚህ እስከ 81 የሚያደርስ መንገድ አሁንም ክፍት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ስሌት ሳይሠሩ ነው ተስፋ የሚቆርጡት። በተቃራኒው የክሬዲትን ክብደት የሚዘነጉም አሉ፦ በአራት ነጥብ መለኪያ የአምስት ክሬዲት ኮርስ በሲ፣ የሁለት ክሬዲት ኮርስ በኤ ቢጠናቀቅ አማካዩ 3.00 ሳይሆን 2.57 ነው።

መልስ 2፦ መምህር ነኝ፤ ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ኮርሱ ለቀጣዩ ሴሚስተር ኮርሶች መግቢያ ከሆነ መተዉ ዓመት ሊያስረዝም ይችላል፤ የቀሪው ክሬዲት ማነስም የትምህርት ድጋፏን ሊነካ ይችላል። ይህን አጣርቶ የሚፈርመው አማካሪ መምህሯ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ድርሻ ጥያቄዎቿን በወረቀት አስይዘው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ወደዚያ ማድረስ ነው። «እስኪ ላስብበት» ማለትዎ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከዘጠኙ ቀን ላይ እየቀነሰባት ነው።

መልስ 3፦ እኔን የያዘኝ የወረቀቱ መታጠፍ ነው። ልጅቷ አፍራለች። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው፣ ኮርሱን ያለፈ ተማሪ የሚመራው የጥናት ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀው «ደካማ» ለተባሉ ተማሪዎች ሳይሆን ብዙ ሰው ለሚወድቅባቸው ኮርሶች ነበር፤ በዚህም የሚመጣ ሁሉ ሳይሸማቀቅ ይመጣል። ስምንቱንም በአንድነት ጠርተው ፈተናውን ቢከልሱ እርሷ ብቻዋን አትጋለጥም፤ ውጤቷን ግን በሌሎቹ ፊት አያንሱ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ትናንት ወረቀቱን አብረን አየነው። ካጣችው 19 ነጥብ ውስጥ ስምንቱ የጠፋው ጊዜ አልቆባት ባልነካቻቸው ሁለት የመጨረሻ ጥያቄዎች ነው፤ አንዱን እዚያው ፊቴ ሠራችው። ነገ ጠዋት አማካሪ መምህሯ ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች፤ እኔም በር ድረስ እሸኛታለሁ።