ለመጀመሪያ ጊዜ የጥቁር ባሩድ መሣሪያ ልገዛ ነው፤ የቱን ትጠቁሙኛላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጥቁር ባሩድ መተኮስ ልጀምር ነው። ፈቃዱን ጨርሻለሁ፣ ገንዘቤ ግን ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚበቃው። ሦስት ነገር ዓይኔ ገብቷል። አንዱ የ1851ዱ ኮልት ኔቪ ሽጉጥ ቅጂ ነው፤ አካሉ ናስ ነው፣ ረከስ ይላል። ሁለተኛው የ1858ቱ ሬሚንግተን ሽጉጥ ቅጂ፣ ሙሉ ብረት፣ ወደድ ይላል። ሦስተኛው ኦሪጅናል አሮጌ ጠመንጃ ነው። ባለቤቱ ቤት ሄጄ አየሁት፣ ሰደፉ ብቻ ልብ ይሰርቃል። በወር ሁለቴ ኢላማ ለመተኮስ የቱ ይሻለኛል?

ብረት ወዳድ፦ ሬሚንግተኑን ግዛና ተገላገል። ጥይት ከሚይዘው ተሽከርካሪ ሲሊንደር በላይ የሚያልፍ ብረት ስላለው አካሉ አንድ ወጥ ነው። ኮልቱ ከላይ ክፍት ነው፣ በርሜሉን የሚይዘው አንድ ሽብልቅ ነው። ናሱ ደግሞ ባሩድ እየበዛበት ብዙ ከተተኮሰ ይለጠጣል። በርሜሉና ሲሊንደሩ መሃል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ከዚያ ወዲያ መሣሪያው እየላላ ነው የሚሄደው። ናሱን ከገዛህ ባሩድ ቀንሰህ ተኩስ፣ ዕድሜው ይረዝማል።

ባለ ባልጩት፦ ሽጉጥ ምን ያደርግልሃል? የፔደርሶሊ ፋብሪካን ባለ ባልጩት ጠመንጃ ግዛ። ከ1957 ጀምሮ ሥራቸው ይሄው ነው። እኔ ከእነሱ ሌላ አልነካም፣ አልነካምም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን ባለ ባልጩት ምርጫዬ ውስጥ የለም።

ባለ ባልጩት፦ ስላላየኸው ነው። አንዴ ባልጩቱ ብረቱን ሲፍቅና ብልጭታው ሲወርድ ካየህ ወደ ካፕ (ሲመታ እሳት ወደምትሰጠው ትንሽ ቆብ) አትመለስም።

የተቃጠለ፦ ቅጂ የሚባል ነገር አትግዛ! እኔ ከአንድ ሱቅ አዲስ ገዛሁ። ሠላሳ ጥይት ያህል ተኮስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ስከፍተው በርሜሉ ውስጡ ቀይ ዝገት፣ ሲሊንደሩ ከመሃል ዘንጉ ጋር ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ሱቁ ብወስደው ባለቤቱ አሻግሮ አየውና «የአያያዝ ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ገንዘቤንም አልመለሰ፣ ይቅርታም አላለ። ብረቱ ራሱ ውራጅ ነው እላለሁ።

ሌላ ተኳሽ፦ እኔም ከአንድ ቦታ ገዝቼ ኒፕሎቹ (ካፑ የሚቀመጥባቸው ጫፎች) ልካቸው አልነበረም፣ ካፕ አልይዝ አሉኝ። ሻጮች ዕቃው ከእጃቸው እስኪወጣ ነው የሚስቁልህ።

ብረት ወዳድ፦ @የተቃጠለ ብረቱን ከመውቀስህ በፊት አንድ ነገር ንገረን። የተኮስክ ዕለት አጠብከው?

የተቃጠለ፦ በደንብ ነዋ! በጠመንጃ ዘይት ወልውዬ በሳጥኑ አስቀመጥኩት።

ብረት ወዳድ፦ በውሃስ?

የተቃጠለ፦ ብረት በውሃ ይታጠባል እንዴ?

ብረት ወዳድ፦ በል እንግዲህ፣ ሱቁን ተወውና ራስህን ጠይቅ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል።

ተኳሿ፦ ቀስ በሉ፣ ሰውን እንዲህ ካሸማቀቅነው ሁለተኛ አይጠይቅም። @የተቃጠለ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቁር ባሩድ 75 በመቶ ጨው ጴጥር፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጋዝ አይሆንም፣ ጥላሸትና ጭስ ሆኖ ይቀራል። ያ ጥላሸት ጨው ስላለበት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዘይት ጨው አያሟሟም። ዘይት ስትቀባበት ጨዉን ከብረቱ ጋር አልብሰህ አስቀመጥከው ማለት ነው። መድኃኒቱ ሙቅ ውሃና ትንሽ ሳሙና ነው፣ ያውም በዚያው ዕለት። ሲሊንደሩን አውጣ፣ ኒፕሎቹን ፍታ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ እጠብ። በደንብ አድርቀህ ነው ዘይት የምትቀባው። ያንተ ሽጉጥም ዝገቱ ጠልቆ ካልበላው ይድናል። መሃል ዘንጉ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምረህ አሳድረው። በመዶሻ አትምታው።

ሌላ ተኳሽ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚሠራውን ፓይሮዴክስ ግዛ፣ አያዝግም።

ተኳሿ፦ ያዝጋል እንጂ። እሱም ጨው ይተዋል፣ እንደ ባሩዱ ነው የሚታጠበው። በባለ ባልጩት ደግሞ እሳት ቶሎ አይይዝለትም።

ባለ ባልጩት፦ አያችሁ? እውነተኛ ባሩድና ፔደርሶሊ። ሌላው ጊዜ ማባከን ነው።

ጠያቂ፦ ወደ ጥያቄዬ ልመልሳችሁ፣ ሬሚንግተኑን ብወስድ ምን ምን ያስፈልገኛል?

ተኳሿ፦ ባለ 44 ካሊበሩ ከሆነ ባለ ሦስት ኤፍ (ደቃቅ) ባሩድ፣ ለስላሳ ንጹሕ እርሳስ፣ 0.451 ወይም 0.454 ኢንች ድቡልቡል ጥይት። ድቡልቡሉን ስትጫነው ዙሪያውን ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ከተላጠ ልኩ ነው ማለት ነው፣ ያቺን ቀለበት ስታይ ደስ ይበልህ። ከላዩ ቅባት ድፋበት ወይም ከሥሩ የተቀባ ጨርቅ አስገባ፣ ካፑም ኒፕሉ ላይ ጥብቅ ይበል። አለዚያ የአንዱ እሳት ወደ ጎረቤቱ ተሻግሮ ሁለት ሦስቱ አብረው ይተኩሳሉ። በበርሜሉ በኩል ያልወጣው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ባሩዱን በመስፈሪያ ስፈር፣ ከባሩድ መያዣው ቀንድ በቀጥታ አታፍስ፣ ውስጥ የቀረች ፍም ቀንዱን እጅህ ላይ ታፈነዳዋለች። ጭስ አልባ ባሩድ ፈጽሞ፣ በጣት ጫፍ እንኳ አይገባም። መሣሪያው ይበተናል።

የተቃጠለ፦ ዘንጉን ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሱቁ ግን አሁንም ይቅርታ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሲሸጥልኝ «በውሃ እጠበው» ማለት ምን ይከብደዋል?

ብረት ወዳድ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ተናግሬህም ከሆነ ይቅርታ።

ሰብሳቢ፦ ስለ አሮጌው ጠመንጃ ማንም አልመለሰለትም፣ ልቡ ያለው ግን እዚያ ይመስለኛል። ወዳጄ፣ በመጀመሪያ ሰደፉንም ብረቱንም እንዳታሻሽው። ያ የቡናማ ቀለም የዕድሜው ምስክር ነው፣ ተፍቆ ካበራ ዋጋው ይወድቃል። ሁለተኛ፣ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ በርሜሉን ሳያይልህ አትተኩስበት። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። አሮጌ የአፈሙዝ ጎራሽ እንደጎረሰ ተሰቅሎ ዘመን የሚያልፈው ብዙ ነው፣ ባሩዱ ደረቅ ከሆነ ዛሬም ይነዳል። አፈሙዙን ከሰው አዙር፣ ፊትህንም ከአፉ አርቅ። የእንጨት ዘንግ መጨረሻው እስኪደርስ በቀስታ ስደድና አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርግ። ከዚያ ዘንጉን አውጥተህ በርሜሉ ላይ ከውጭ አስተኛው። ጫፉ እስከ ኒፕሉ አካባቢ መድረስ አለበት። ከዚያ ቀድሞ ከቀረ ውስጥ ጭነት አለ።

ጠያቂ፦ ይሄንን ሳላውቅ ቃታውን ስስብና ስመልስ ነበር የዋልኩት። ነገ ባለቤቱ ጋ ሄጄ እለካዋለሁ።

ባለ ባልጩት፦ ሄደህ ስትመለስ የፔደርሶሊን አስብ።

ጠያቂ፦ ለካሁት። ዘንጉ ኒፕሉ ጋ ሊደርስ ሦስት ጣት ያህል ቀርቶታል። ባለቤቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር የሰቀለው፣ ልጆቹ ከሥሩ ይጫወታሉ።

ሰብሳቢ፦ ከአሁን በኋላ አትንኩት። ካፕ እንዳታስቀምጡበት፣ በብረት አትቆርቁሩት፣ እሳት አታቅርቡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩና የጠመንጃ ባለሙያ ጥሩ፤ እሱ ባሩዱን አርጥቦ ያወጣዋል። ልጆቹን ዛሬውኑ ከክፍሉ አስወጡ።

ጠያቂ፦ እሺ። ክፍሉን ቆልፈነዋል። ባለሙያው ጠዋት ይመጣል።